71 ዲግሪ ቴርሞስታት የገባለት አይሱዙ፦ ከዓባይ በረሃ ዳገት የተገኘ የጉዳይ ጥናት

## ይህ ጉዳይ ለምን ይጻፋል

ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን (ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚያልፍበትን በር እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ) ነቅሎ መጣል ወይም "ቀዝቀዝ ባለ" መለወጥ በየጋራዡ የተለመደ ነው። መኪናው ይወጣል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል። ከወራት በኋላ ሞተሩ ጭስ ሲያበዛ ወይም ዘይት ሲበላ ያንን ትንሽ ዕቃ የሚያስታውስ ሰው የለም።

እዚህ የምጽፈው ጉዳይ የተሻለ ዕድል ነበረው። ባለንብረቱ የናፍጣና የዘይት ወጪውን በደብተር የሚይዝ ሰው ነው። ሾፌሩም መኪናውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። በእነሱ ምክንያት ነገሩን ከመጀመሪያው መፍላት እስከ መጨረሻው ጥገና ድረስ መከታተል ተችሏል። የሰዎቹንም ሆነ የመጀመሪያውን ጋራዥ ስም አልጠቅስም። ቴርሞስታቱን የለወጠው ልጅ በቅንነት ነው የሠራው። ያንኑ ሥራ በየቀኑ ብዙ መካኒክ ይሠራዋል፤ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

## መኪናውና መንገዱ

መኪናው ባለ 4 ሲሊንደር አይሱዙ የጭነት መኪና ነው። ቱርቦ የለውም። ዕድሜው ገፍቷል፣ ግን የተጎሳቆለ አልነበረም። ሥራው ከምሥራቅ ጎጃም ጤፍና ስንዴ ጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ማራገፍ ነው። ሲመለስ ያገኘውን ሸቀጥ ይጭናል።

በዚህ መስመር የሠራ ሾፌር የዓባይ በረሃ ለሞተር ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ደጀንና ጎሐጽዮን ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 እና 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። መንገዱ በመካከላቸው 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና መልሶ ያንኑ ይወጣል። እህል የጫነ መኪና ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወርድ ሞተሩ ሥራ የለውም፤ በማርሽና በጭስ ፍሬን ተይዞ ይንሸራተታል። ድልድዩን እንዳለፈ ግን ሙሉ ጉልበቱን ይጠየቃል። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ዳገት ቀስ እያለ ይወጣል።

ይህ ለማቀዝቀዣው ክፍል ከባድ ፈተና ነው። ፍጥነት ስለሌለ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም፤ ሁሉም ነገር በፋኑ ላይ ይወድቃል። ታች ያለው አየር የበረሃ አየር ስለሆነ ይሞቃል። ላይ ያለው ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ይሳሳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይቀላል። ፋኑ የቱንም ያህል ቢዞር በራዲያተሩ ውስጥ የሚያሳልፈው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ በዚያው ልክ ያንሳል።

## ችግሩ ሲጀምር

ችግሩ የታየው በጥር ወር፣ የእህል ጭነት በሚበዛበት ወቅት ነው። ሜዳ ላይ ምንም የለም። ከድልድዩ ወደ ጎሐጽዮን ሲወጣ ግን የሙቀቱ መርፌ ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ራዲያተሩ ይፈላል፤ ውሃው በትርፍ ማስወጫው ጎማ እየተንፎቀፎቀ መንገድ ላይ ይፈሳል። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፣ ሞተሩ እስኪበርድ ይቆማሉ፣ ውሃ ይሞላሉ፣ ይቀጥላሉ።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። ራዲያተሩ ውስጥ ለዓመታት ይሞላ የነበረው ከየመንገዱ የተገኘ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ፣ የጉድጓድ ውሃ፣ የወንዝ ውሃ። ኩላንት (ለራዲያተር ተብሎ የተሠራው ፈሳሽ) ገብቶበት አያውቅም።

የመጀመሪያው ጋራዥ መኪናውን ሲያየው ፈጣን መፍትሔ አቀረበ። ነባሩ ቴርሞስታት ላይ 82 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ ይህ መክፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። መካኒኩ "ይሄ ዘግይቶ ነው የሚከፍተው፣ ቶሎ የሚከፍት እናስገባለት" አለ። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ 71 የሚል ቁጥር ያለው ቴርሞስታት ተገዛ። የሌላ መኪና ነው፣ ግን የክፈፉ ስፋት አንድ ስለሆነ ቦታው ላይ ልክ ገባ። ሌላ ምንም አልተነካም።

ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ቶሎ ከከፈተ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቶሎ ከቀዘቀዘ አይፈላም። ለዚህም ነው ይህን ያህል የተለመደው።

## ከለውጡ በኋላ የታየው

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደስተኛ ነበር። መርፌው ሜዳ ላይ ከወትሮው ወርዶ ታየ። ሾፌሩ ለባለንብረቱ ደውሎ "ጋሼ፣ አሁንማ በረዶ ሆኗል" ብሎት ነበር።

ዳገቱ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። መርፌው ከታች ስለሚነሳ ቀዩ ጋ ለመድረስ ትንሽ ይዘገያል እንጂ መድረሱ አልቀረም። ቀድሞ ይፈላበት ከነበረው ቦታ ጥቂት ከፍ ብሎ መልሶ ፈላ። እውነቱን ለመናገር ለውጡ ለሾፌሩ የሰጠው ጥቂት ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ከዚህ በፊት ያልነበሩ ነገሮች አንድ በአንድ መጡ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ጭሱ ቶሎ አይጠፋም፣ ሽታውም ዓይን ያቃጥላል። ሌሊት በፍቼ በኩል ሲያልፉ የጋቢናው ማሞቂያ ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጣል። በባለንብረቱ ደብተር ላይ የናፍጣው ፍጆታ ከፍ አለ። ከሁሉም የሚያሳስበው የዘይት መለኪያው ነበር። ሳይጨመርበት ከላይኛው ምልክት አለፈ። ረዳቱ ይህን እንደ መልካም ነገር ቆጥሮት "ዘይት መብላት አቁሟል" ብሏል።

መኪናው እኛ ጋ የመጣው በዚህ ሁኔታ ነው። ባለንብረቱ ያቀረበው ጥያቄ ጉዳዩን በደንብ ይገልጸዋል፦ "ዳገት ላይ ይፈላል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ አልሞቅ ይላል። አንድ ሞተር እንዴት ሁለቱንም ይታመማል?"

## ቴርሞስታት የሚወስነውና የማይወስነው

የጥያቄው መልስ ቴርሞስታት ምን እንደሚሠራ በመረዳት ይጀምራል። በመካከሉ ያለችው የነሐስ ከረጢት ሰም ይዛለች። ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ያብጣል፣ ሲያብጥ ዘንጉን ገፍቶ በሩን ይከፍታል። 82 የሚል ቴርሞስታት 82 ላይ መክፈት ጀምሮ 95 አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፍታል። 71 የሚለውም ያንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ አስር ዲግሪ ገደማ ቀድሞ መጀመሩና ቀድሞ መጨረሱ ነው።

አንዴ ሙሉ ከከፈተ በኋላ ቴርሞስታት ሥልጣን የለውም። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱን የሚወስኑት ራዲያተሩ፣ ፋኑ፣ የውሃ ፖምፓው፣ የውጭው አየርና የሾፌሩ እግር ናቸው። ስለዚህ ቴርሞስታት የሚወስነው ሞተሩ ከየትኛው ሙቀት በታች እንዳይወርድ ነው። ከየትኛው በላይ እንዳይወጣ የሚወስነው ሌላ ነው። በር ቶሎ መክፈት ቤቱን አያሰፋውም። ዳገቱ ላይ 82ቱም ሆነ 71ዱ ሁለቱም ወለል ብለው ተከፍተዋል። የጎደለው የማቀዝቀዝ አቅም ነበር፤ እሱን ደግሞ ማንም አልነካውም።

ሜዳና ቁልቁለት ላይ ግን ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወርድ ሞተሩ ናፍጣ አይፈልግም፣ ሙቀትም አያመርትም። 71 ላይ የሚከፍተው ቴርሞስታት ሞተሩን ቀድሞውኑ አቀዝቅዞ ስለሚያቆየው ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መርፌው ከታች ነው። ወዲያው ሙሉ ጭነት ይመጣል። ለፒስቶኑና ፒስቶኑ ለሚመላለስበት ሲሊንደር፣ ለካሚሻው፣ በጣም መጥፎ የሆነው ይህ አጋጣሚ ነው።

ናፍጣ ሞተር የሚያቃጥለው በተጨመቀ አየር ሙቀት ነው። የካሚሻው ግድግዳ ሲበርድ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ይቀራል። ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከፊሉ ግድግዳው ላይ ያለውን የዘይት ሽፋን አጥቦ በፋሻዎቹ (በፒስቶኑ ቀለበቶች) በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ወደ ላይ የወጣው በዚህ ምክንያት ነበር። የጨመረው ናፍጣ ነው እንጂ ዘይት አልነበረም። የቀጠነ ዘይት ደግሞ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ብሮንዚና እንደሚገባው አይሸከምም። በዚህ ላይ ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። በናፍጣው ውስጥ ካለው ድኝ ከሚወጣው ጋዝ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም ብረቱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ይህ ሁሉ ድምፅ የለውም። የሚፈላ ራዲያተር ሁሉም ያየዋል፤ የሚበላ ካሚሻ ግን አይታይም። እኔን የሚያስቆጨኝ ይኼ ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መናገርም ተገቢ ነው። በአሜሪካ የቤንዚን መኪናን ጉልበት መጨመር የሚወዱ ሰዎች 160 ፋራናይት ቴርሞስታት ያስገባሉ፤ በእኛ መለኪያ 71 ዲግሪ ማለት ነው። የቤንዚን ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ያንኳኳል፤ እነሱ ይህንን ለመከላከል ቴርሞስታቱን ከኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ጋር አብረው ይለውጣሉ። ምክሩ በቪዲዮ ዓለምን ዞሯል፤ ናፍጣና ቤንዚን እያለ ግን ሁልጊዜ አልለየም። እህል ጭኖ ዓባይን ለሚወጣ ናፍጣ ሞተር ይህ ምክር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

## ምርመራው

መጀመሪያ ያደረግነው መፍታት ሳይሆን መጠየቅ ነበር። የት ነው የሚሞቀው? ዳገት ላይ፣ ቀስ ሲል፣ ተጭኖ። ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲሄድስ? አይሞቅም። ይህ መልስ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ፍጥነት ሲኖር ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራለታል። ፍጥነት ሲጠፋ የሚሞቅ ሞተር መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ፋኑንና የራዲያተሩን የውጭ ገጽ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሥተን የላይኛውን የራዲያተር ማኒኮቶ በእጅ ያዝን። በጤነኛ ቴርሞስታት ይህ ጎማ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በሩ ሲከፈት ድንገት ይሞቃል። የዚህኛው ግን ሞተሩ ገና ነጭ ጭስ እያወጣ ለብ ማለት ጀመረ። በጨረር የሙቀት መለኪያ የቴርሞስታቱን ቤት ስናየው፣ ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ከ70 ዲግሪ አካባቢ ፈቀቅ አላለም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ስለዚህ የመርፌው ጥፋት አይደለም።

ቴርሞስታቱ ሲወጣ ያየነው ነገር ምርመራውን የለወጠው ነው። የዚህ ሞተር ትክክለኛ ቴርሞስታት ከታች ሁለተኛ ክብ ሳህን አለው። ሞተሩ ሲበርድ ውሃው በአጭሩ መንገድ፣ በማለፊያው በኩል ወደ ፖምፓው ይመለሳል። ሲሞቅና ዋናው በር ሲከፈት ያ ሳህን ወርዶ ማለፊያውን ይዘጋል፤ ያኔ ውሃው በሙሉ በራዲያተሩ ለማለፍ ይገደዳል። በ71ዱ ቴርሞስታት ላይ ግን ሳህኑ ያለበት ዘንግ አጭር ነው። ሙሉ ሲከፈት እንኳ መቀመጫው ላይ አይደርስም። በመቀመጫው ዙሪያ የቆየው ዝገት ሳይነካ መቅረቱ ይህን ያረጋግጣል፤ ሳህኑ አንድም ቀን አልነካውም።

ይህ ማለት ዳገቱ ላይ ከፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባ ነበር። ለማቀዝቀዝ የገባው ዕቃ ራሱ ማቀዝቀዣውን ሰርቆታል። ቴርሞስታትን ጨርሶ ነቅሎ መጣልም በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ማለፊያው ክፍት ይቀራል።

ከዚያ ወደ ራዲያተሩ ዞርን። ክንፎቹ መሐል የጤፍ ገለባ ከዘይትና ከአቧራ ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ተለጥፏል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ከኋላ በባትሪ መብራት ሲታይ ግን ብርሃን የሚያልፈው ከጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ፋኑን የሚከበው የፕላስቲክ ክፈፍ ግማሹ ተሰብሮ ወጥቷል። ያ ክፈፍ ከሌለ ፋኑ አየሩን በራዲያተሩ በኩል ከመሳብ ይልቅ እዚያው ያሽከረክረዋል። ሙቀት ሲጨምር ፋኑን ከሞተሩ ጋር አጥብቆ የሚያያይዘው የፋኑ ክላች ላይ የዘይት ቀለበት አለ፤ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑ በአንድ ጣት ግፊት ያለ ምንም ተቃውሞ ይዞራል። የሞቀ ጤነኛ ክላች ግን ያስቸግራል።

የራዲያተሩን ገጽ በጨረር መለኪያው ስንከተለው የተወሰነው ክፍል ሙቅ፣ የተወሰነው ለብ ያለ ነበር። ለብ ያለው ክፍል ውሃ አያሳልፍም። የዓመታት የጉድጓድ ውሃ ቱቦዎቹን በኖራ ዘግቷቸዋል።

በመጨረሻ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያውን፣ ፈተሽን። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የለም፣ ውሃው ላይ ዘይት የለም፣ ዘይቱ ውስጥ ውሃ የለም። ያን ያህል ጊዜ ፈልቶ ቴስታታው አለመጣመሙ ትልቅ ዕድል ነው።

## ማንም ያላየው ክዳን

የራዲያተሩን ክዳን ለብቻው አነሣዋለሁ፤ በአገራችን ከፍታ ላይ ይህች ዕቃ የምትሠራው ሥራ ከሚገባው በታች ይታወቃል።

ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባና ጎሐጽዮን ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል። ጤነኛ ናፍጣ ሞተር ተጭኖ ሲወጣ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ መሥራቱ የተለመደ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ጎሐጽዮን ጫፍ ላይ ያለ ሞተር ምንም ሳይታመም ውሃው ሊፈላ ይችላል።

ክዳኑ ይህን ለመከላከል ነው የተሠራው። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ በዚያ ከፍታ ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የዚህ መኪና ክዳን ጎማው ተሰንጥቋል፣ ስፕሪንጉ ዝጓል። ግፊት ሞልተን ስንፈትሸው ምንም አልያዘም።

ስለዚህ "ሞተሩ ፈላ" የሚለው አቤቱታ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነበር። ሞተሩ እውነትም ከሚገባው በላይ ይሞቃል፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ውሃው ከሚገባው በታች በሆነ ሙቀት ይፈላል። የፈላ ውሃ አረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ ሙቀት አይሸከምም። አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል። ዋጋዋ ከሁሉም ዕቃ የሚያንሰው ክዳን የችግሩን ትልቅ ድርሻ ይዛ ነበር ብዬ አምናለሁ።

## ጥገናው፦ የሠራውና ያልሠራው

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመለወጥ ይልቅ ደረጃ በደረጃ ሄድን። ባለንብረቱ መኪናው ስለቆመበት ተጨንቆ ነበር፤ ግን ምን ምን እንደሠራ ለማወቅ ከፈለግን ሌላ መንገድ የለም። መፈተኛችን ወደ ሱሉልታ የሚያወጣው የእንጦጦ ዳገት ነበር። ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነ አንድ ነገር ቢፈጠር መመለስ ይቻላል። ጭነቱም መጠነኛ ነው።

መጀመሪያ 82 ዲግሪ ኦርጅናል ቴርሞስታት መለስንለት፣ ክዳኑንም ለወጥን። ጠዋት የሚያወጣው ነጭ ጭስ ቶሎ መጥፋት ጀመረ፤ የላይኛው ማኒኮቶም እንደ ደንቡ ቀዝቃዛ ቆይቶ ድንገት ሞቀ። ዳገቱ ላይ ውሃ አልፈሰሰም። መርፌው ግን አሁንም ከፍ ይላል። መፍላቱ ቆመ፣ መሞቁ አልቆመም።

ቀጥሎ ራዲያተሩን ከውጭ አጠብን። ላቫጆ ላይ ከፊት በኃይለኛ ውሃ ማጠብ አልረዳም፤ ገለባውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ክንፎቹንም ያጣምማል። ከኋላ ወደ ፊት፣ በመጠነኛ ግፊት፣ ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና ነው የወጣው። አዲስ የፋን ክላችና ክፈፍ ሲገባ መርፌው ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ወረደ። ፋኑ ሲይዝ ድምፁ ጋቢና ውስጥ ይሰማል፤ ሾፌሩ ይህን ድምፅ ለረጅም ጊዜ እንዳልሰማው ያኔ ነው ያስተዋለው።

የራዲያተሩን ውስጥ በኬሚካል ለማጽዳት ያደረግነው ሙከራ አልሠራም። ብዙ ቆሻሻ ወጣ፣ ለብ ያለው ክፍል ግን ለብ እንዳለ ቀረ። በመጨረሻ ለራዲያተር ሠሪ ተሰጠ። እሱ የላይኛውንና የታችኛውን ሣጥን ብየዳ አቅልጦ ከፍቶ ቱቦዎቹን በቀጭን ብረት አንድ በአንድ ጠረጋቸው፤ መልሶም በየደው። የነሐስ ራዲያተር ስለሆነ ነው ይህ የተቻለው፤ አዲሶቹ ባለ አልሙኒየምና ፕላስቲክ ራዲያተሮች ይህን አይችሉም።

ሲመለስ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ሞላን። "እኛ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ለእኛ የሚጠቅመን ዝገትና ኖራ መከላከሉ፣ እንዲሁም የመፍያውን ነጥብ ከፍ ማድረጉ ነው። በናፍጣ የቀጠነውን ዘይት ከነፊልትሮው አወጣን። አዲሱንም ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ እንዲለወጥ አደረግን፤ አሮጌው ዝቃጭ ሞተሩ ውስጥ ስለሚቀር።

የመጨረሻው ሥራ ከሾፌሩ ጋር ነበር። ዳገቱን በቀላል ማርሽ (ከፍ ባለ ቁጥር)፣ በዝቅተኛ ዙር እየጎተተ ነበር የሚወጣው፤ ናፍጣ የሚቆጥብ ይመስለው ነበር። ዙሩ ሲወርድ ፋኑም ፖምፓውም አብረው ይዘገያሉ፣ ሞተሩ ግን ሙሉ ናፍጣ ይቃጠልበታል። አንድ ማርሽ ቀንሶ ዙሩን ከፍ ማድረግ ብቻውን መርፌውን ወደ ታች መለሰው። ዳገቱን ጨርሶ ወዲያው እንዳያጠፋ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ እንዲሠራ ተስማማን። የሞቀ ክዳን መክፈትና በሞቀ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ግን በጥብቅ የተከለከለ ነው። የመጀመሪያው ሰውን ያቃጥላል፣ ሁለተኛው ቴስታታን ይሰነጥቃል።

በዚህ ሁሉ ተስተካክሎ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ከድልድዩ ወደ ጎሐጽዮን ወጣ። ሾፌሩ ጫፍ ላይ ቆሞ የቴርሞስታቱን ቤት በጨረር መለኪያው ሲያየው 94 አካባቢ አነበበ። ውሃ አልፈሰሰም።

## ለሌላ መኪና የሚተርፈው

ከሁሉ በፊት፣ ሞተር ሞቀ ሲባል "የት ነው የሚሞቀው?" ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መፍቻ ይቀድማል። ቀስ ሲል የሚሞቅ የአየር ችግር አለበት። በፍጥነት ሲሄድ የሚሞቅ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ዝውውር ችግር አለበት፤ የተዘጋ ራዲያተር፣ የደከመ ፖምፓ ወይም ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጊያ መላላት። ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ የሚሞቅና ማኒኮቶው የሚጠነክር ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ። በሩን ያልከፈተ ቴርሞስታትም ሞተር ያፈላል፤ ያኔ ግን የሚለወጠው በዚያው ዲግሪ ባለው ነው።

ቴርሞስታት ሲገዛ የክፈፉን ስፋት ብቻ መለካት አይበቃም። ዲግሪው፣ የታችኛው ሳህን መኖሩና የዘንጉ ርዝመት ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይታይ። ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ካለችውም ወደ ላይ ሆና ትግባ፤ አለበለዚያ አየር ታምቆ ይቀራል።

በድስት የሚደረገው ፈተና ደጋ ላይ ያሳስታል። ብዙ ጋራዥ ቴርሞስታቱን የፈላ ውሃ ውስጥ ያደርግና ሙሉ ካልከፈተ ይጥለዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ክፍት ድስት ከ92 ዲግሪ አያልፍም። 95 ላይ ሙሉ የሚከፍት ቴርሞስታት እዚያ ድስት ውስጥ መቼም ሙሉ አይከፍትም። ይህ ማለት ጤነኛ ዕቃ ይጣላል፣ ቀድሞ የሚከፍተው ደግሞ "ጥሩ" ይባላል። ትክክለኛው ፈተና ውሃው ውስጥ ቴርሞሜትር አድርጎ መክፈት የሚጀምርበትን ዲግሪ ማንበብ ነው።

ሳይጨመርበት የወጣ የዘይት መለኪያ መልካም ዜና አይደለም። ዘይቱን በጣት ነክቶ ማሽተት ይገባል፤ ናፍጣ ከሸተተ ሞተሩ ከሚገባው ሙቀት በታች እየሠራ ወይም ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር እያፈሰሰ ነው።

ዝቅተኛ ዲግሪ ያለው ቴርሞስታት ፈጽሞ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። የባሕር ውሃ በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ የሚያዞሩ የጀልባ ሞተሮች ጨው እንዳይጋገርባቸው ሆን ተብሎ ዝቅ ባለ ሙቀት እንዲሠሩ ይደረጋሉ። እዚያ ምክንያቱ ታውቆ፣ ጉዳቱ ተመዝኖ ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው ሌላውን ችግር ለመፈለግ ጊዜ ስላልተሰጠ ነው።

## አሁን ያለበት ሁኔታ

መኪናው ከዚያ ወዲህ ክረምቱን ሠርቷል። ዳገቱ ላይ አይፈላም። የናፍጣው ፍጆታ በደብተሩ ላይ ወደ ቀድሞው ተጠግቷል። የዘይት መለኪያውም ወደ ላይ መውጣት አቁሟል።

ያልተመለሰ ነገር ግን አለ። አሁን ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ በትንፋሽ ማስወጫው በኩልም ከወትሮው የበዛ ጭስ ያወጣል። አንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽኑ (አየር የመጭመቅ አቅሙ) ከሌሎቹ ያንሳል። ሞተሩ አሮጌ ስለሆነ ሁሉንም በቀዝቃዛው ቴርሞስታት ላይ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። ሆኖም ከለውጡ በፊት በባለንብረቱ ደብተር ላይ የዘይት መጨመር በጣም ጥቂት ነበር። በቀጠነ ዘይትና በታጠበ ካሚሻ ያለፉት ወራት ድርሻ እንዳላቸው አልጠራጠርም።

ባለንብረቱ ሞተሩን ከመኸሩ ጭነት በኋላ ሊያስከፍት ወስኗል። ፋሻዎቹና ካሚሻዎቹ ያኔ ይለካሉ። እስከዚያ ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የዘይቱን ደረጃ ያያል፤ የጨመረውንም ከናፍጣው ጎን ይጽፋል።